ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያልቀው ሮቶ፦ በአንድ የቃሊቲ ግቢ ስለሚባክን የሽንት ቤት ውሃ የተደረገ የጉዳይ ጥናት

ግቢውና የውሃ መስመሩ

ጉዳዩ የሚመለከተው በአዲስ አበባ ቃሊቲ አካባቢ የሚገኝ አንድ ግቢ ነው። በግቢው ውስጥ የግቢው ባለቤት የሆኑት ሴት ከነቤተሰባቸው የሚኖሩበት ዋና ቤት፣ ከጀርባው ደግሞ ለአንድ ባልና ሚስት የተከራየ ሰርቪስ ቤት አለ። ሰባቱም ነዋሪዎች የሚጠቀሙት በአጥሩ በር አጠገብ በተተከለ በአንድ ቆጣሪ በኩል የሚገባውን ውሃ ነው። ውሃው የሚመጣው በፈረቃ ሲሆን በዚያን ጊዜ የሠፈሩ ተራ ማክሰኞና ቅዳሜ ማታ ነበር፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ይመጣና ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ይሄዳል። በቀሩት ቀናት ቤተሰቡ የሚጠቀመው በብረት ማማ ላይ ከተቀመጠ፣ 1500 ሊትር ከሚይዝ ሮቶ ነው።

ከቆጣሪው የሚነሣው መስመር ግቢ ውስጥ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ሮቶው ይወጣል፣ ሌላው በቀጥታ ወደ ቤት ይገባል፤ መስመር በሌለ ጊዜ የሮቶው ውሃ ተመልሶ ወደ መንገዱ ቧንቧ እንዳይሄድ ቼክ ቫልቭ ተገጥሞለታል። ይህ አሠራር በከተማው በብዙ ግቢ የሚታይ ሲሆን የሚወደድበትም ምክንያት መስመር በመጣ ሰዓት ሻወሩ ጠንከር ብሎ ስለሚወርድ ነው። ነገር ግን በዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ ያለ እያንዳንዱ የቧንቧ ዕቃ የሳምንቱን አብዛኛውን ጊዜ በደካማ ግፊት፣ ሁለቱን ሌሊት ደግሞ በብዙ እጥፍ በሚበልጥ ግፊት እንዲሠራ ይገደዳል። በሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ከሽንት ቤቱ የውሃ ሣጥን 3 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ነው፤ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ይሰጣልና። በኋላ በማኖሜትር ሲለካ የመስመሩ ግፊት እኩለ ሌሊት ላይ 4 ባር ደርሶ ተገኝቷል። እኔ ጉዳዩን ለማየት የተጠራሁት አንድ ጊዜ ጥገና ከተደረገና ሁኔታው ከመሻሻል ይልቅ ከባሰ በኋላ በመሆኑ፣ የመጀመሪያውን ክፍል የምጽፈው ቤተሰቡ ከነገረኝና ከተቀመጡት የውሃ ደረሰኞች ተነሥቼ ነው።

ቅሬታው እንዴት ተነሣ

የመጀመሪያው ምልክት የታየው ሮቶው ላይ ነው። የግቢው የቀን ፍጆታ 300 ሊትር ገደማ ስለነበር አንድ የሞላ ሮቶ አምስት ቀን ያህል ያቆይ ነበር፤ በመሆኑም ከማክሰኞ ሌሊት እስከ ቅዳሜ ማታ ያለውን ረጅሙን ክፍተት ያለ ችግር ይሸፍን ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ሮቶው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ባዶ ሆኖ መገኘት ጀመረ። ከቅዳሜ ሌሊት እስከ ማክሰኞ ማታ ባለው አጭር ክፍተት ውስጥ ግን ውሃ አልቆ አያውቅም።

ቅዳሜ ደግሞ በሥራ ቀን ጊዜ የማይኖራቸው ተከራዮች ልብስ የሚያጥቡበት ቀን ነው። ከዚህ በላይ ማስረጃ ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ባለቤቷ ቁጣ የሚያበዙ ሴት ባይሆኑም አንድ ቅዳሜ በባዶ ባልዲ ፊት ቆመው «የኔ ልጅ፣ ውሃው የሁላችንም ነው፤ ትንሽ ቆጠብ ማድረግ ነው እንጂ» አሉ። ተከራይዋም «እትዬ፣ እኔ እኮ ሁለት ባልዲ እንኳ አልቀዳሁም፤ ስመጣ ቧንቧው ሲንጠባጠብ ነው ያገኘሁት» ብላ መለሰች። ነገሩ በዚህ ባይከርርም የተከራዮቹ የውሃ መዋጮ በዚያው ወር ከፍ እንዲል ተደረገ። ጥርጣሬውን ያላላው ተከራዮቹ ለክርስትና ወደ ገጠር ሄደው በሰነበቱበት ሳምንት ሮቶው ያለ ምንም ልብስ አጠባ እንደ ልማዱ ቅዳሜ ረፋድ ማለቁ ነው።

ሁለተኛው ምልክት የወር ሒሳቡ ነው። ቀደም ሲል በወር 9 ሜትር ኩብ አካባቢ የነበረው ፍጆታ ወደ 14 ከፍ ብሏል። በከተማው የውሃ ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋም ስለሚጨምር የብሩ ጭማሪ ከውሃው ጭማሪ ይልቅ ጎልቶ ታየ። ሦስተኛው ምልክት በወቅቱ ከውሃ ጋር ጨርሶ አልተያያዘም፤ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ከወትሮው እጅግ ቀድሞ ሞልቶ የመምጠጫ መኪና ተጠራ። ቤተሰቡ ለዚህ የሰጠው ምክንያት ክረምቱን ነበር። በሽንት ቤት ውስጥ የሚባክን ውሃ ከሌሎች የቤት ውስጥ ፍሳሾች የሚለየው በዚህ ነው። የፈነዳ ቧንቧ ግድግዳ ያረጥባል፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ማጠቢያው ላይ ይታያል፤ የሽንት ቤት ውሃ ግን ከንጹሕ ሣጥን ወጥቶ በሸክላው ላይ ሳያረጥብ የሚመስል ቀጭን መስመር ሠርቶ በቀጥታ ጉድጓድ ይገባል። ከሽታውና ከመምጠጫ መኪናው ወጪ በቀር ምልክት አይተውም።

የመጀመሪያው ጥገና

የተጠራው ቧንቧ ሠራተኛ የመጣው በቀን ነው። የሣጥኑን ክዳን ሲያነሣ ማንም ሳይጠቀምበት ውሃ በስስ ድምፅ ወደ ውስጥ ሲገባ ሰማ፤ ቆም ይላል፣ ከደቂቃዎች በኋላ እንደገና ይጀምራል። «እማማ፣ ፍሎተሩ አርጅቷል፤ እንቀይረው» አለና የነሐሱን ፍሎተር፣ ማለትም ሣጥኑ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋውን ተንሳፋፊ ያለው ዕቃ፣ ፈቶ በአዲስ የፕላስቲክ ፍሎተር ተካው። አዲሱ ዕቃ ውሃ የሚለቅበት ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ በሮቶው ደካማ ግፊትም ሣጥኑ ከአንድ ደቂቃ ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ይሞላል። አሮጌው ግን አራት ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበርና ቤተሰቡ በለውጡ ተደሰተ። የውሃውን ከፍታም አንዴ ሲለቀቅ በደንብ እንዲያጥብ ብሎ ከልክ ያለፈ ውሃ ወደ መቀመጫው ከሚወርድበት ከትርፍ ውሃ ቱቦው አፍ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ አድርጎ አስተካከለው። ከዚያ ፈተሸው፣ ቆመ፤ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ።

በቀጣዩ ወር ደረሰኙ 19 ሜትር ኩብ ይል ነበር።

ሠራተኛውን በግዴለሽነት መክሰስ ተገቢ አይመስለኝም። ለደካማ ግፊት የሚሆን ዕቃ መምረጡ በቀን ላየው ሁኔታ ትክክለኛ ነው፤ ሥራውም ንጹሕ ነበር። የሳተው የድምፁን ትርጉም ነው። ፍሎተር በየጊዜው እየተከፈተ የሚሞላ ከሆነ የውሃው ከፍታ እየቀነሰ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ድምፁ የሚያሳየው ውሃው የሚገባበትን እንጂ የሚወጣበትን ቦታ አይደለም። ፍሎተሩ የተበላሸ ቢሆን ኖሮ ድምፁ ሳይቋረጥ ይቀጥል ነበር፣ ውሃውም በትርፍ ውሃ ቱቦው ሲገባ ይታይ ነበር። እያረፈ የሚመለስ ድምፅ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በሣጥኑ ሥር ውሃው የሚለቀቅበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን መዝጊያ ጎማ ይጠቁማል።

በቀን የተገኘው

ይህን ለማረጋገጥ ሣጥኑ ውስጥ ቀለም መጨመር የታወቀ ዘዴ ነው፤ የተጠቀምንበት ከኩሽና የተገኘ የቀይ ሥር ቅቅል ውሃ ነው። አንድ ብርጭቆ የሚያህል ሣጥኑ ውስጥ ተጨምሮ ግማሽ ሰዓት ያህል ማንም ውሃ እንዳይለቅ ተደረገ። ጊዜው ሳያልቅ በነጩ ሸክላ ጀርባ፣ ከከንፈሩ ሥር፣ ክር የሚያህል ሐምራዊ መስመር ወርዶ ታች ያለውን ውሃ ማቅላት ጀመረ። ባለቤቷ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው ካዩ በኋላ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ስለ ቧንቧ አልነበረም፤ «ያቺን ልጅ በከንቱ አስቀየምኳት» አሉ።

ቀለሙ መፍሰሱን ያሳያል እንጂ መጠኑን አይናገርም። መጠኑን ለማወቅ በሣጥኑ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በእርሳስ መስመር ተሠመረ፣ ወደ ሣጥኑ የሚያስገባው አንግል ቫልቭ ተዘጋና ሰዓት ተያዘ። ውሃው በ5 ደቂቃ 1 ሴንቲ ሜትር ወረደ። የሣጥኑ ውስጥ ስፋት 40 በ15 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ይህ 0.6 ሊትር ነው፤ በሰዓት 7.2 ሊትር፣ በቀን ደግሞ 173 ሊትር ገደማ ይሆናል። ሰባቱ ሰዎች በቀን ከሚጠቀሙት ከግማሽ በላይ የሚሆን ውሃ ማንም ሳይነካው ወደ ጉድጓድ ይወርድ ነበር ማለት ነው። የቅዳሜውም እንቆቅልሽ በዚሁ ይፈታል፤ 300 እና 173 ሲደመሩ በቀን 473 ሊትር ይሆናሉ፣ 1500 ሊትርም በዚህ ፍጆታ 3 ቀን ከጥቂት ሰዓታት ብቻ ያቆያል። ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ሞልቶ ያደረ ሮቶ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ያልቃል። እሑድ ጠዋት የሞላው ደግሞ ከማለቁ በፊት የማክሰኞው ፈረቃ ይደርስለታል። ልብስ አጠባው ከነገሩ ጋር የተገናኘው ቀኑ በመገጣጠሙ ብቻ ነው።

ውሃ የሚለቅቀው ቫልቭ በእጅ ዞር ተደርጎ ሲነሣ ከሥሩ ያለው ክብ ጎማ ጠንክሮ፣ የተቀመጠበት ጠርዝ ቦይ የመሰለ ምልክት ሠርቶበት ተገኘ። ሲነካ ጣት ላይ ጥላሸት የሚመስል ጥቁር ነገር ይለቃል። ይህ የጎማ እርጅና ብቻ አይደለም፤ ክሎሪን ያለበት ነገር ጎማን ሲበላ የሚተወው ምልክት ነው። ሲጠየቅ ቤተሰቡ ሽታ ለማጥፋት በየሳምንቱ በረኪና በቀጥታ ሣጥኑ ውስጥ ይጨምር እንደነበር ታወቀ። ሣጥኑ ሳይለቀቅ በሚቆይበት ጊዜ በረኪናው ጎማው ላይ ተኝቶ ይቆያል። በዚህ ላይ ጎማው የሚያርፍበት የፕላስቲክ ጠርዝ ነጭ ሸካራ ቅርፊት ይዞ ነበር። የአካባቢው ውሃ የአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ ስላለበት በጀበናና በማንቆርቆሪያ ውስጥም ይኸው ቅርፊት ይታያል፤ ካልሲየም ያለበት ውሃ በቆመበት ቦታ ሁሉ የሚተወው ነው። የጠነከረ ጎማ ከሸካራ ጠርዝ ጋር ሊገጥም አይችልም።

ጥገናው ቀላል ነበር። ጠርዙ ላይ በኮምጣጤ የራሰ ጨርቅ አንድ ሰዓት ያህል ተጠምጥሞ ከቆየ በኋላ ቅርፊቱ በጨርቁ ሻካራ ጎን ታሽቶ ወጣ። ብርጭቆ ወረቀት መጠቀም የሚቀናቸው አሉ፤ በፕላስቲክ ላይ ግን ጭረት ስለሚተው ቅርፊቱ በጭረቱ ውስጥ ቶሎ ይመለሳል። ጎማውን ማግኘት ይበልጥ አስቸገረ። ብዙ የቧንቧ ዕቃ መደብሮች የሚሸጡት ሙሉውን የሣጥን ዕቃ እንጂ ጎማውን ለብቻ አይደለም፤ አሮጌውን ይዞ መርካቶ ውስጥ ሱቅ ለሱቅ እየለካ የዞረ ሰው ግን ልኩን ማግኘት ይችላል፣ የባለቤቷ ልጅም አገኘ። በዚህ መሐል ሁለት ጊዜያዊ መፍትሔዎች ተነሥተው ነበር። አንደኛው ያንኑ ጎማ ገልብጦ ባልተጎዳው ፊት ማስቀመጥ ነው፤ ይህ በእርግጥ ይሠራል፣ ለጥቂት ሳምንታትም ፋታ ይሰጣል። ሁለተኛው ከአሮጌ ከመነዳሪ ክብ ቆርጦ መግጠም ነው። በየሠፈሩ የሚሠራበት ቢሆንም አልመከርሁትም፤ በእጅ የተቆረጠ ጎማ ጠርዙ እኩል ስለማይሆን ፍሳሹን ያቀጥነዋል እንጂ አያቆመውም፣ የቀጠነ ፍሳሽ ደግሞ ለመገኘት ይበልጥ አስቸጋሪ ነው።

አዲሱ ጎማ ከተገጠመ በኋላ አንግል ቫልቩ ተዘግቶ ውሃው ከእርሳሱ መስመር ሳይወርድ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቆየ።

ያልሞላው ሒሳብ

ብዙ ሰው ሥራውን እዚህ ላይ ያቆማል፤ እንዳላቆም ያደረገኝ ደረሰኙ ነው። በቀን 173 ሊትር በወር 5.2 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህን 9 ላይ ብንጨምር 14 ገደማ እናገኛለን፤ ከመጀመሪያው ጥገና በፊት የነበረው ፍጆታ በትክክል ይህ ነው። ከጥገናው በኋላ የመጣው 19 ግን በዚህ አይገለጽም፤ 5 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውሃ ባለቤት አልተገኘለትም። ይህ ውሃ ደግሞ ከሮቶ የሚወጣ ሊሆን አይችልም፤ ቢሆን ኖሮ ሮቶው ከቅዳሜም ቀድሞ ዓርብ ላይ ባለቀ ነበር። ከመስመር መጥቶ፣ ሮቶውን ሳይነካ፣ በቆጣሪው አልፎ የሚጠፋ ውሃ መኖር አለበት። ስለዚህ ፍተሻው መስመር በሚመጣበት ሌሊት መደረግ ነበረበት።

የሌሊቱ ፍተሻ

ቅዳሜ ማታ ውሃው ሲመጣ የመጀመሪያው ሰዓት ሮቶው እንዲሞላ ተተወ። ከዚያም ወደ ሮቶው የሚወስደው ቫልቭ ተዘጋ፣ በዋናውና በሰርቪስ ቤቱ ያሉት ቧንቧዎች ሁሉ መዘጋታቸው አንድ በአንድ ታየ፣ ከዚያም ወደ ቆጣሪው ተሄደ። በአብዛኛዎቹ ቆጣሪዎች መስታወት ሥር፣ ከቁጥሮቹ አጠገብ፣ ኮከብ የምትመስል ትንሽ ተሽከርካሪ አለች፤ በጣም ጥቂት ውሃ ሲያልፍ እንኳ ትዞራለች። በባትሪ ብርሃን ስትታይ በፍጥነት ትዞር ነበር። የሊትሩ መርፌ በሰዓት ተይዞ ሲታይ ፍሰቱ በደቂቃ 1.5 ሊትር ሆነ። የባለቤቷ ልጅ ገብቶ የሽንት ቤቱን አንግል ቫልቭ ሲዘጋ ኮከቧ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ሲከፍተው እንደገና ዞረች።

የሣጥኑ ክዳን ሲነሣ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ውሃው ከትርፍ ውሃ ቱቦው አፍ ጋር እኩል ሆኖ በዙሪያው ያለ ድምፅ እንደ ስስ ብርጭቆ እየተጠቀለለ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። አዲሱ ፍሎተር ክንዱን ከፍ አድርጎ ለመዝጋት ይታገላል፣ ግን አልዘጋም። ማንም አለመስማቱ አያስገርምም፤ በዚያ ሰዓት ቤተሰቡ ተኝቷል፣ የነቃም ሰው ቢኖር ውሃ ወደ ሮቶው ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ ሌላውን ሁሉ ይሸፍነዋል። በደቂቃ 1.5 ሊትር በ6 ሰዓት 540 ሊትር ነው፤ በወር ውስጥ ስምንት ወይም ዘጠኝ የፈረቃ ሌሊት ስላለ 4.7 ሜትር ኩብ ገደማ ይደርሳል። የጠፋው ውሃ ተገኘ።

በቀን በሚገባ የሚዘጋ ፍሎተር በሌሊት ለምን አይዘጋም? ፍሎተሩ የሚዘጋው ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ክፍል በክንዱ አማካይነት የቀዳዳውን ጎማ ሲጫነው ነው፤ ከወዲያ በኩል ደግሞ የቧንቧው ግፊት ያንኑ ጎማ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የመግፊያው ኃይል በግፊቱና በቀዳዳው ስፋት ይወሰናል። 6 ሚሊ ሜትር ወርድ ባለው ክብ ቀዳዳ ላይ 0.3 ባር የሚያሳርፈው ኃይል 1 ኒውተን እንኳ አይሞላም፤ 4 ባር ግን 11 ኒውተን ያሳርፋል። ተንሳፋፊው ይህን ልዩነት የሚያካክሰው ይበልጥ ወደ ውሃው በመስጠም ብቻ ነው፤ የዚህ ዕቃ ክንድ ኃይሉን በስምንት እጥፍ ያህል ስለሚያበዛና ተንሳፋፊው 60 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው ተጨማሪ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል መስጠም ይኖርበታል። በሌላ አነጋገር በመስመር ግፊት ለመዝጋት ውሃው በሮቶ ግፊት ከሚዘጋበት ከፍታ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል መብለጥ አለበት። ሠራተኛው የተወው ክፍተት ግን 1 ሴንቲ ሜትር ነበር። ውሃው ወደሚዘጋበት ከፍታ ሳይደርስ በቱቦው ያመልጣል፣ ፍሎተሩም እስኪነጋ ይጠብቃል። ዕቃው አልተበላሸም፤ ለቀን ተስተካክሎ ለሌሊት ተተወ እንጂ።

የተሠራው ሥራ

የሚቀርበው መድኃኒት የውሃውን ከፍታ ዝቅ ማድረግ ነው፤ በክንዱ ላይ ባለችው ብሎን ከቱቦው አፍ 2.5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሲደረግ በ4 ባር ፍሳሹ ቆመ። ሆኖም የመስመሩ ግፊት ከሌሊት ሌሊት ስለሚለያይ የተረፈው ግማሽ ሴንቲ ሜትር የሚያስተማምን አልነበረም። ይበልጥ ዝቅ እንዳይደረግ ደግሞ ሲለቀቅ የሚወርደው ውሃ ያንሳል፣ ሰዎችም ሁለት ጊዜ መልቀቅ ይጀምራሉ።

ከቤተሰቡ አንዱ አንግል ቫልቩን በከፊል መዝጋትን ሐሳብ አድርጎ አቀረበ። ይህ በብዙ ቤት የሚሠራበት ስለሆነ ለምን እንደማይጠቅም መናገር ያስፈልጋል። በከፊል የተዘጋ ቫልቭ ግፊትን የሚቀንሰው ውሃ በብዛት በሚያልፍበት ጊዜ ነው፤ ፍሎተሩ ሊዘጋ ሲቃረብና ፍሰቱ ሲቀጥን ግን ግፊቱ ከቫልቩ ወዲህና ወዲያ እኩል ይሆናል። ስለዚህ የሚባክነውን ውሃ ያሳንሰው ይሆናል እንጂ መዝጋት አያስችለውም። በትክክል ግፊት የሚቀንስ ቫልቭ በቆጣሪው በኩል መግጠም ይቻል ነበር፤ ዋጋው ከፍ ያለ በመሆኑ ለጊዜው ተተወ።

የተመረጠው መፍትሔ የመጣው ከዕቃ ማስቀመጫው ነው። ሠራተኛው ፈቶ የተወው የነሐስ ፍሎተር እዚያው በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። ሲለካ የቀዳዳው ወርድ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆነ። ወርዱ በግማሽ ሲቀንስ የቀዳዳው ስፋትም የሚገፋው ኃይልም ወደ ሩብ ይወርዳልና በቀንና በሌሊት መካከል የሚፈጠረው የከፍታ ልዩነት ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ባለፉት ዓመታት ሌሊት ሌሊት ያልፈሰሰውም ለዚህ ነው። በኮምጣጤ ውስጥ አድሮ ቅርፊቱ ተራገፈ፣ የደረቀችው ትንሽ ጎማው ተለወጠች፣ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን ተጠቅልሎ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የውሃው ከፍታም ከቱቦው አፍ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ተደረገ። ዋጋው የጎማዋና የቴፍሎኑ ብቻ ነው። ጉዳቱ ደግሞ በሮቶ ውሃ ጊዜ ሣጥኑ ለመሙላት ወደ ነበረበት አራት ደቂቃ መመለሱ ነው፤ ጠዋት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ለመሄድ በሚጣደፉበት ሰዓት ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ የባለቤቷ ምራት በግልጽ ተናግራለች፣ ትክክልም ናት። አዲሱን የፕላስቲክ ዕቃ ውሃ ሙሉ በሙሉ ከሮቶ በሚመጣበት ቤት ያለ ሥጋት መጠቀም ይቻላል፤ ለዚህ ቤት ግን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ

ሥራው ካለቀ በኋላ በመጣው የማክሰኞ ሌሊት በዚያው አኳኋን ቆጣሪው ታየ፤ ኮከቧ አልተንቀሳቀሰችም። ቀጥሎ የመጣው ሙሉ ወር ደረሰኝ ከ9 ሜትር ኩብ ጥቂት አለፍ ያለ ነበር፣ ሮቶውም ቅዳሜ ማታ መስመር እስኪመጣ መቆየት ጀመረ። የተከራዮቹ መዋጮ ወደ ቀድሞው ተመልሷል፤ ጭማሪው የተከፈለባቸው ወራት ገንዘብም ከቤት ኪራዩ ላይ እንዲታሰብ ባለቤቷ ራሳቸው ወስነዋል። በረኪናው አሁን የሚፈሰው መቀመጫው ውስጥ ሲሆን ሣጥኑ ውስጥ ምንም አይጨመርም። ጎማው በሚለወጥበት ጊዜ እንደገና መርካቶ መዞር እንዳይኖር ልኩ የሆነ አንድ ተጨማሪ ጎማ ተገዝቶ ተቀምጧል።

ያልተቋጨው የመስመሩ ነገር ነው። የባለቤቷ ልጅ በቀጥታ ወደ ቤት የሚገባውን መስመር ዘግቶ ሁሉም ውሃ በሮቶ በኩል እንዲያልፍ ይፈልጋል፤ እንዲህ ቢደረግ የግፊቱ መለዋወጥ ከነአካቴው ይቀራል፣ ፈጣኑ ፍሎተርም መመለስ ይችላል። እናቱ ደግሞ በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ የሚገኘውን ጠንካራ ሻወር አሳልፈው መስጠት አልፈለጉም። የእኔ ምክር ልጁ እንዳለው መስመሩን መዝጋትና ለሻወሩ ሲባል የሮቶውን ማማ አንድ ሁለት ሜትር ከፍ ማድረግ ነበር፤ የብረት ሠራተኛው የሰጠው ዋጋ ከታሰበው በላይ ስለሆነ ነገሩ ለበጋ ተቀጥሯል፣ እስከዚያው የነሐሱ ፍሎተር ሥራውን ይቀጥላል።